ፔዳሉ ጥጥ ሆነብኝ

ጥር 5

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ፣

ብርዱ ትከሻዎን፣ የጋራዡ ጩኸት የተረፈውን ጆሮዎን ይማርልኝ ብዬ ጀምሬያለሁ። እኛ ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው፤ «ወንድሜን ካሰበበት ያድርስልኝ፣ እጁ የነካው ይባረክ» ብሎ መርቆዎታል።

በስልክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ግን ባለፈው ስደውል እርስዎ «ማነው? ማነው?» ሲሉ፣ እኔ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ስል ካርዱ አለቀ። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ መሆኔን አወቀ፣ እርስዎ ብቻ ሳያውቁ ቀሩ። ስለዚህ ይኸው ወረቀት።

ጉዳዩ ሙሽሪት ናት። ያቺ ከአባዬ ጋር አብራችሁ የገዛችኋት ሚኒባስ አሁንም ጉሮሯችን እሷ ናት፤ አባዬ የሠፈሩን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርስባታል፣ ከሰዓት ይመልስባታል። ፍሬኗ መፋጨት ጀምሮ ስለነበር ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ እኔና አባዬ ግቢ ውስጥ ጎማዎቿን አውልቀን የፊቱን ፓድም የኋላውን ሸራም ቀየርን። እጃችን እስከ ክርናችን ጠቆረ፣ ግን ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ አባዬ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቢረግጠው ፔዳሉ ሰመጠ። ወለሉ ድረስ! «ጥጥ ነው እንዴ የምረግጠው?» አለ። እስካሁንም ጥጥ ነው ይላል።

አሮጌው ፍሬን እየጮኸም ቢሆን ይይዝ ነበር። አዲስ ዕቃ ገብቶ እንዲህ ይለሰልሳል? እርስዎ መንገዱን ያውቁታል። ከቤታችን በር እስከ ትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ነው፣ ታች ደግሞ ኩርባው ላይ የልብስ ሰፊው ግድግዳ ይጠብቃል። የሰው ልጅ ጭኖ በለስላሳ ፍሬን እዚያ መውረድ አይታሰብም። ትምህርቱ ሊከፈት ነው። ምክር ብቻ ነው የምጠይቅዎ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ቶሎ ይጻፉልኝ፣ ልቤ ተሰቅሏል።

የወንድምዎ ልጅ፣ ቡሎን


ጥር 20

ለቡሎኔ፣

ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ካጠበቅሽው አይላላብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬን ተዪው፤ እዚህ አለቃዬ ሲቆጣኝ የሚንቀሳቀስ ጢም ብቻ ነው የማየው፣ ስለዚህ ተጠቅሜያለሁ።

አየር ነው። አየር ካልሆነ ከጆሮዬ ጋር ጭንቅላቴም ሄዷል ማለት ነው። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ የአባትሽ፣ የጋሼ፣ እግር የሚሰምጠው እዚያ አየር ውስጥ ነው። ፓዱን ስትቀይሩ ፒስተኑን ገፍታችሁ ዘይቱ ገንፍሎ ፈሰሰ፣ ወይ ደግሞ ትቦውን ፈታችሁ። አትዋሺኝ፣ አንዱን አድርጋችኋል።

አሁን እንደ ድሯችን አድርጉ። ጋሼ ወንበሩ ላይ፣ አንቺ ታች። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ከኋለኛው ጎማ ጀምሪና ወደ ቅርቡ እየመጣሽ ጨርሺ። በመፍቻው ብረቱን አንዴ ስትመቺ ይርገጥና ይያዝ። የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ላላ አድርጊ፣ ዘይቱ ከነአረፋው ይውጣ፣ አጥብቂ። ከዚያ ሁለቴ ምቺ፣ ይልቀቅ። ሳታጠብቂ ከለቀቀ አየሩን መልሶ ይጠጣዋል፣ ድካማችሁ ገደል ገባ ማለት ነው። የዘይቱ ዕቃ እንዳይደርቅ በየመሀሉ ሙሊ። አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም አትሰልቺ።

አረፋው አልቆ አሁንም ከለሰለሰ፣ ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይርገጠው። ከፍ ካለ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፣ አስጠጊው። ከፍ ብሎ፣ ሲያዝ ደግሞ ቀስ እያለ ከወረደ ማስተሩ ደክሟል። ሌላ የለውም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። የመኪና ጉዳይ ሆኖ ጋሼ በራሱ እጅ ሳይጽፍልኝ ቀርቶ አያውቅም። ድሮ ስለ አንድ ቡሎን ሁለት ገጽ ይጽፍልኝ ነበር፣ ያውም እየሰደበኝ። ምን ሆነና ነው? አኩርፎኛል?

አጎትሽ


የካቲት 6

ይድረስ ለአጎቴ፣

ምክርዎ ደርሶ ቤቱን አሞቀው፤ እጅዎ አይዛል። አባዬ ደህና ነው። አላኮረፈም፣ ምን በወጣዎት! መጻፍ ሰንፎ ነው፣ መነጽሩ ላይ ያሳብባል።

አየር ነበረው! እንዳሉት አድርገን ከኋላ ስንጀምር አረፋው እንደ ሳሙና ተንፈቀፈቀ። ዘይቱ ገንፍሎ ዕቃው መድረቁንም አመንኩልዎ፣ አልዋሽም። እስከ ፊተኛው ጎማ ድረስ ጥርት ያለ ዘይት እስኪወርድ አስወጣን። ሸራውንም አስጠጋሁ፤ ጎማውን በእጄ ሳዞረው ትንሽ ሽው ይላል፣ ልክ እንዳስተማሩኝ። አባዬን «እህ?» ብለው ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። «ጥጥ ነው» አለ። «ያዘው እስቲ» አልኩት፤ ያዘና «ይወርዳል፣ ይወርዳል» አለ።

እንደርስዎ አባባል እንግዲህ የቀረው ማስተሩ ነው። ምክር ብቻ ብዬ ነበር፣ ይኸው ቃሌን በላሁ። እዚህ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ውስጡ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ ወዲያው ይበላል። ከዚያ ዋናውን ቢያገኙልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ትምህርት ተከፍቷል። ለጊዜው ባለ ነጭ መኪናው ጎረቤታችን ልጆቹን እየወሰደልን ነው፤ ግን ወላጆቹ ለምደውት ከቀሩ አለቀልን። አባዬን ይህ ነገር ዕረፍት ነሥቶታል። ባለፈው ባዶዋን ልሞክራት ብሎ ወጥቶ ታች ኩርባው ላይ የልብስ ሰፊውን ደረጃ ነካ አደረገ። ትንሽ ነገር ነው። ጠርዙ ነው። ሰፊው «ደህና ሱሪ ልትለካ መጥተህ ነው?» ብሎ ስቆ አለፈው።

እባክዎ ቶሎ።

ቡሎን


የካቲት 27

ለቡሎኔ፣

የዘገየሁት ማስተሩን ስፈልግ ነው። ደብዳቤሽ ራሱ ስንት ቀን መንገድ ላይ እንዳደረ እግዜር ይወቀው። ፖስተኛዋን ከሩቅ ሳያት ከመስኮት እጄን አወዛውዛለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሰዉ እጮኛ ያለኝ ይመስለዋል።

ማስተሩን የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ይዛልሽ ትመጣለች፤ በልብስ ጠቅልዬዋለሁ። ከመግጠምሽ በፊት ዘይት ሞልተሽ ከመኪናው ውጪ ብዙ ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጊውና የራሱን አየር አስወጪ። ይህን ዘለሽ ገጥመሽ ደግሞ «ለሰለሰ» ብለሽ ብትጽፊልኝ በአውሮፕላን መጥቼ በመፍቻ ነው የምመታሽ።

አሁን ስለ ደረጃው። «ትንሽ ነገር» አልሽኝ። ቡሎኔ፣ ጋሼ በሙሉ ዕድሜው የሰው ደረጃ ነክቶ አያውቅም። ፍሬን በጭራሽ የሌላትን የጭነት መኪና በማርሽና በእጅ ፍሬን ብቻ ከተራራ ያወረደ ሰው ነው፤ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ነበር፣ ጸሎት የማላውቅ ሰው ያን ቀን ጸሎት ፈጠርኩ። ፍሬኑ እንደሚለሰልስ አውቆ የወጣ እንደዚያ ያለ ሰው እንዴት ደረጃ ይነካል? በምን ፍጥነት ነበር? አንቺስ አብረሽ ነበርሽ? መነጽር ቀየረ ወይ? ዓይኑን ታየ? እነዚህን ሁሉ መልሺልኝ፣ አትዝለይብኝ።

ለእሱም ሰላምታዬን ንገሪው። ሁለት መስመር ይጻፍልኝ በይው። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 18

አጎቴ፣

ማስተሩ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አየሩን አስወጥቼ ገጠምኩት፣ ከዚያ አራቱንም ጎማ እንደገና አዳረስኩ። አንድ አረፋ የለም። አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቦታ የለም፤ በነጭ ወረቀት እያበስኩ ፈትሻለሁ።

አባዬ ረገጠው። ጥጥ ነው አለ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ተጣላን። «አንቺ ታች ሆነሽ የምትሠሪውን አላይም፣ ቡሎን አላጠበቅሽም» አለኝ። እኔን! ቡሎን ያለኝ እሱ ራሱ አይደለም እንዴ? መፍቻውን ወርውሬ ገባሁ። ወጥቼ ደግሞ አነሣሁት፣ ምን አደርጋለሁ።

አሁን ደግሞ የባሰው መጥቷል። ባለ ነጭ መኪናው ወላጆቹን «እኔው ልቀጥል» ማለቱን አባዬ ሰማ። ሰኞ ልጆቹን ራሴ አወርዳለሁ ብሎ ተነሥቷል። «ጥጥም ቢሆን በእጅ ፍሬን እወርዳለሁ፣ ከዚህ የባሰ አውርጃለሁ» ይላል። ያንን የጭነት መኪና ታሪክ ለሠፈሩ ሁሉ እያወራ ነው። ቁልፉን ደብቄዋለሁ። ቤቱን እየገለበጠ ነው፣ እኔም አብሬው የምፈልግ መስዬ ፍራሽ አነሣለሁ።

የጠየቁኝን ሁሉ አልመለስኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። ዕቃ አይላኩ። ገንዘብም አይላኩ። ምን እንደምጠይቅዎ ራሴም አላውቅም።

ቡሎን


መጋቢት 29

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚበር ሰው አየር ማረፊያ ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጥቻለሁ። ሰውየው እብድ መስዬው ነበር፣ ግን ተቀበለኝ፣ ይባረክ።

እስከ ዛሬ በጻፍሽልኝ ሁሉ «አባዬ ደህና ነው» ትያለሽ። በመጨረሻው ላይ የለም። ደጋግሜ ፈለግኩት፣ የለም።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። አየር የለም፤ አምኜሻለሁ። ሸራው ተጠግቷል። ማስተሩ አዲስ ነው፣ ከማሸጊያው ያወጣሁት ራሴ ነኝ። የሚያፈስ የለም። እንዲህ ያለ ፍሬን አይለሰልስም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከብረት ጋር ኖሬያለሁ፣ ብረት እንዲህ አያደርግም። ታዲያ ሁላችን፣ እኔም ጭምር፣ አንድ ነገር ሳንፈትሽ ቀረን። ያ ወንበር የጋሼ ነው፤ እሱ እያለ ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም ፔዳሉን አይረግጥም። እኛ ቤት ሕጉ ይኸው ነው። እሱ ለሰለሰ ካለ ለሰለሰ ነው! ፍሬኑን ሁሉ በእሱ እግር ስንለካ ከርመን፣ እግሩን የለካው የለም።

እናታችንን አላወቅሻትም። ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶ ላይ ቆማ «ማነው ጥጥ ያነጠፈልኝ?» ትል ነበር። እኔና ጋሼ እያሾፈች መስሎን ሳቅን። ስኳር ነበረባት። እግሯ ሲቆስል አልተሰማትም፣ እኛም አላየንም። መጨረሻ ላይ ሐኪሞቹ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት፣ ከዚያ ብዙም አልቆየችም።

ጥጥ የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ አንብቤ ስለ አየር ጻፍኩልሽ። 

ወንበሩ ላይ ውጪ። ሞተሩን አስነሺና አንቺ ራስሽ ርገጪው። ከዚያ የእግሩን ካልሲ አስወልቂው። ይቆጣል፣ ይቆጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ከእኔ ነው በይው። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ልጄ! እግዜርን ይዤሻለሁ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 12

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለአባቴ ወንድም፣

መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፣ እንዳይጨነቁ። በሕይወት አለ። እግሩም አለ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግቢው ውስጥ ቆሜ አንብቤ ስጨርስ እስካሁን ያላገኘውን ቁልፍ ከደበቅኩበት አወጣሁና ሙሽሪት ላይ ወጣሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቷል፣ የዚህችን ወንበር ግን ነክቼ አላውቅም። ሞተሩን አስነሥቼ ረገጥኩት። ድንጋይ ነው አጎቴ! ጥቂት ወርዶ ቀጥ አለ። ያዝኩት፣ አልወረደም። ደግሜ ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር እየጠነከረ እንባዬ ወረደ፤ እንዲህ ያማረ ፍሬን ሠርቼ ማልቀሴ ደግሞ አሳቀኝ።

የደበቅኩዎትን አሁን ልንገርዎ። ስኳሩ ሦስት ዓመት አልፎታል። «ወንድሜ እዚያ ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል? እንዳትነግሪው» ብሎ አስምሎኛል። እኔም ማልኩ። የልብስ ሰፊውን ደረጃ የነካ ዕለት ቤት የገባው በአንድ ጫማ ነበር። ሌላው ፔዳሉ ሥር ቀርቷል። «ጫማህስ?» ስለው ቁልቁል አይቶ ደነገጠ፣ ከዚያ «ሞቆኝ ነው» አለ። በዚያ ብርድ! እኔ ያን ጊዜ ነው ማወቅ የነበረብኝ። አወቅሁም መሰለኝ፣ ግን ስለ ማስተር ጻፍኩልዎ። ማስተር ከሆነ ይቀየራላ።

ሞተሩ ሲነሣ ሰምቶ እየጮኸ ወጣ። «ውረጂ!» አለ። «አልወርድም» አልኩት። «ፔዳሉ ደህና ነው አባዬ። አንተ ነህ ያልተሰማህ።» ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ደብዳቤዎን ከፍቼ ስለ እናታችሁ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ማነው ጥጥ ያነጠፈልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ የመኪናዋን በር ያዘ።  የመውጫ ደረጃዋ ላይ ተቀመጠና ካልሲውን ራሱ አወለቀ።

ፍሬን ስንሠራ የወደቀች አንዲት ቁራጭ ሽቦ፣ ያቺ ፓዱን የምትይዘዋ፣ የጫማውን ሶል በስታ ገብታ ትንሿ ጣቱ ሥር ተቀምጣለች። ከመቼ ጀምሮ ረግጧት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። ጣቱ ጠቁሯል። ሽታው አጎቴ፣ አልጽፈውም።

እዚያው ወንበር ላይ እንዳለሁ እሱን ጎኔ አስቀምጬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ትንሿን ጣት ቆረጧት። ሐኪሟ «ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ጣት አልነበረም» አለችኝ። አባዬ «ከአሥር አንድ ብትጎድል ኪሳራ የለውም» ብሎ ነርሷን አሳቀ፤ ነርሷ ስትወጣ ግን እጄን ይዞ አልለቀቀኝም። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ነው። እግሩን ጠዋት ማታ እኔ በመስታወት አየዋለሁ፣ እየተሳደበ ያሳየኛል።

ወላጆቹ ዘንድ ሄጄ ሹፌሯ እኔ ነኝ አልኳቸው። አንዷ እናት «አባትሽስ?» ስትለኝ «ጡረታ ወጥቷል» አልኩ። ቤት ስነግረው «ማን አወጣኝ?» አለ፣ ግን ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ትናንት ከሐኪም ቤት ስመልሰው በዚያው በቁልቁለቱ ወረድን። እሱ ጎኔ ተቀምጦ በየኩርባው የታሰረ እግሩን ወለሉ ላይ ይረግጣል። «አባዬ፣ ሐኪሟ አትርገጥ ብላሃለች» አልኩት። «እኔ ካልረገጥኩ ማን ያቆማታል?» አለኝ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ያዝኩ። ሙሽሪት ከግድግዳው ርቃ ቀጥ አለች። ሰፊው ከበሩ ሆኖ እጁን አነሣልን። አባዬ ግድግዳውን አየ፣ የእኔን እግር አየ፣ ከዚያ የራሱን ከወለሉ አነሣና ቀስ አድርጎ ጎኑ አሳረፈው።

«ያዘ» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ለወንድሜ ጻፊለት። ፍሬኑ ተሠርቷል በይው» አለኝ። እሺ አልኩት። «የእግሬንም ጻፊው። ምንም እንዳትደብቂው።»

ይኸው ጻፍኩልዎ።

ልጅዎ ቡሎን